ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰዓት ስለ ምን ዘገየ?

የዛሬ ጥቂት ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት፣ በጉለሌ የሚኖሩት አክስቴ፣ ጉልበታቸው ታሞ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ቢሳናቸውም ጾሙን ግን እንደ ሥርዓቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ የሚያደርሱ በመሆናቸው፣ ሴት ልጃቸው ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ጠቅልላ ባመጣችላቸው፣ ቀያይ አኃዞቹ በጨለማ እንደ ፍም በሚያበሩ የራስጌ ሰዓት ይመሩ ጀመር። ሰዓቱ ሬድዮም ያለው፣ መልኩም ያማረ ነበር፤ የአሜሪካ ዕቃ የእኛን አገር ኤሌክትሪክ እንደማይችል ልጅቱ አስቀድማ ታውቅ ስለ ነበር፣ ከመርካቶ አንድ ከባድ ትራንስፎርመር ገዝታ በመካከሉ አስገብታለታለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አኃዙ 12 ሰዓት እያለ ብልጭ ድርግም ይላልና፣ አክስቴ በየማለዳው ጎሕ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ያስተካክሉታል፤ ማታ ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያገኙትም ጥፋቱን ሁሉ በመብራቱ መሄድ ያመካኙ ነበር።

አንድ ዓርብ ግን ጎረቤታቸው ቅዳሴ አስቀድሳ ስትመለስ ልትጠይቃቸው ብትገባ፣ ምሳቸው እንደ ተከደነ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አገኘቻቸው። «እማማ፣ ምነው እስካሁን ሳይፈቱ?» ብትላቸው ወደ ሰዓቱ አመለከቱና፣ «ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ፤ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል እኮ ነው» አሏት። እሷም፣ «እንግዲያው ይህ የአሜሪካ ሰዓት ይሆናላ!» ብላ ሳቀች። ነገሩ ሲመረመር ሰዓቱ በየአንዱ ሰዓት 10 ደቂቃ፣ በመዓልትና በሌሊት ደግሞ 4 ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላ ይቀር ኖሯል። በዚህ ስሌት፣ ሰዓቱ 9 ብሎ አክስቴ አፋቸውን በእህል በሚያሟሹበት ጊዜ እውነተኛው ሰዓት 10 ከ48 ደቂቃ ነበር። ነፍስ አባታቸው ይህን ሲሰሙ፣ ትርፉ ለበረከት ይሁን ብለው አለፉት።

የቤተ ሰቡ ቁጣ ትራንስፎርመሩን በሸጠው ነጋዴ ላይ ወረደ፤ ይሁን እንጂ ጠጋኙ መለኪያውን አምጥቶ ቢያየው 220 ቮልት ገብቶ በሌላው ወገን 120 ያህል ሆኖ ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩ ከዚህ ሰዓት ደም ንጹሕ ነበር። ዕቃ ከባሕር ማዶ የሚያመጣ ሰው የሚፈራው ቮልቱን ነው፤ ቮልቱም በእርግጥ የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን ከቮልቱ ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖር፣ ገዢም ሻጭም የማይጠይቀው፣ ትራንስፎርመርም ሊለውጠው የማይችል ሌላ ጠባይ አለ፤ የአክስቴን ጾም ያስረዘመውም እሱ ነው።

በግድግዳችን ላይ ባለው ሶኬት የሚመጣው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ አይደለም፤ መዘምራን በወረብ ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው በሁለት ረድፍ ትይዩ ቆመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንደሚመላለሱ፣ እሱም በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ ርቆ አይሄድም። ወረቡን የሚመለከት ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል፤ አንደኛው መዘምራኑ የሚገፉበት ኃይል ብርታት ነው፣ ሁለተኛው ከበሮው የሚመታበት ፍጥነት ነው። በኤሌክትሪክ የመጀመሪያው፣ ማለትም ግፊቱ፣ በቮልት ይለካል፤ ሁለተኛው፣ ማለትም በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ያለው ምልልስ፣ በኸርዝ ይቈጠራል። የእኛ አገር ከበሮ በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመታል፤ ግፊቱም 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 60 ጊዜ ይመታል፤ ግፊቱ ግን 120 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ የእነሱ ፈጣንና ለዘብ ያለ፣ የእኛው ዘገም ያለና ብርቱ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት ከተፈጥሮ ሕግ የመጣ አይደለም፤ የታሪክ አጋጣሚ ነው። ኤዲሰን በኒውዮርክ ከተማ በፐርል ጎዳና የመጀመሪያውን የመብራት ጣቢያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1882 ሲከፍት፣ የዚያን ጊዜዎቹ የከሰል ክር አምፖሎች የሚችሉት 110 ቮልት ያህል ስለ ነበር ግፊቱን በዚያው ወሰነው፤ ኤሌክትሪኩም ገና የማይመላለስ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነበር። ኋላ ዌስቲንግሃውስና ቴስላ ያስፋፉት የተመላላሹ ኤሌክትሪክ ሥርዓት ድል ሲያደርግ፣ አሜሪካኖቹ 60 ምልልስን መረጡ፤ ግፊቱን ግን ሕዝቡ ለገዛቸው አምፖሎች ሲሉ ከቀድሞው አላራቁትም። በጀርመን ኤ.ኤ.ጌ. የተባለው ኩባንያ 50ን ያዘ፤ የበርሊን ከተማ መብራት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1899 ግፊቱን ወደ 220 ከፍ አደረገ፤ ምክንያቱም ግፊቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ፍሰት በግማሽ ይቀንሳል፣ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በዚያው መዳብ ብዙ ቤት ያበራል ማለት ነው። አውሮፓ ይህን ተከተለ፤ አገራችንም የአውሮፓን ልማድ ወረሰች። ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅም፣ ዛሬም የዓባይ ግድብ ሲያመነጭ፣ ከበሮው ያው 50 ነው።

ስለ ግፊቱ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ካውያ፣ የቡና ማፍያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ዳቦ መጥበሻ፣ በአጠቃላይ ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ሁሉ ምሥጢሩ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክን የሚቃወም ሽቦ በውስጡ አለ፣ ፍሰቱም ያንን ተቃውሞ እየጣሰ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት ግፊቱ ሲጨምር ፍሰቱም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ደግሞ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ፣ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ120 ቮልት የተሠራ ባለ 1,000 ዋት የቡና ማፍያ በስሕተት በቀጥታ 220 ላይ ቢሰካ፣ ቍጥሩን አስልቶ ላየው ሰው፣ ከ3,300 ዋት በላይ ለመሆን ይነሣል። ቫልቮላው ቶሎ ካልወደቀለት ነደ እሳት መሆኑ ነው። የአሜሪካ ክር ያለው አምፖልማ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንደ መብረቅ ቦግ ብሎ ይሰናበታል።

የተገላቢጦሹን ጕዞ የሚያውቁት በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ከአዲስ አበባ በብዙ ድካም ተጭኖ የተወሰደ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ በአገሩ 3,500 ዋት የሚስብ ቢሆን፣ በቨርጂንያ ወጥ ቤት 120 ቮልት ላይ ሲሰካ 1,040 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል፤ አይቃጠልም፣ አይሞቅምም፤ ሊጡ በላዩ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ ዓይን ያለው እንጀራ አይወጣውም። አንድ ተራ የአሜሪካ ሶኬት በ15 አምፔር የተወሰነ በመሆኑ ከ1,800 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ለዚህም ነው ብዙዎቹ እናቶች፣ ከኖርዌይ የፈለሱ ሰዎች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበትን፣ ለዚያው አገር ኤሌክትሪክ የተሠራውን ክብ ምጣድ አግኝተው እንጀራ የጋገሩበት። (የኖርዌይ ባልቴቶችና የሸዋ ባልቴቶች በአንድ ምጣድ መገናኘታቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።) ሆኖም የአሜሪካ ቤት 240 ቮልትም እንዳለው መዘንጋት አይገባም፤ ከመንገዱ የሚገባው መሥመር 240 ሆኖ በቤት ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ነውና፣ የልብስ ማድረቂያውና ትልቁ ምድጃ ሙሉውን ይወስዳሉ። የአገር ቤቱን ምጣድ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለዚሁ የሚስማማ የራሱን መሥመር ቢዘረጋለት፣ ጥቂት ከልክ በላይ እየጋለም ቢሆን ይጋግራል። ምጣድ ለከበሮ ግድ የለውም፤ 50ም ይሁን 60፣ ሽቦ መጋሉን ብቻ ያውቃል።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ እንመለስ። በዚያ ከባድ ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር እጅግ ቀላል ነው፤ በአንድ የብረት እምብርት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦዎች እንደ ካህን ጥምጥም ተጠምጥመዋል፣ በብዙዎቹም አንዱ ከሌላው ጋር አይነካካም። በመጀመሪያው የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ ብረቱን ባንድ ወገን፣ ከዚያም በተቃራኒው ወገን ማግኔት እያደረገ ይገለባብጠዋል፤ የሚለዋወጠው የማግኔት ኃይልም በሁለተኛው ጥምጥም አዲስ ኤሌክትሪክ ይወልዳል፤ ይህንም ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገልጦታል። የሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ባነሰ መጠን ግፊቱ በዚያው ልክ ያንሳል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ብረቱ አንድ ጊዜ ሲገለበጥ በማዶው የሚወለደውም አንድ ምት ነው። 50 የገባበት 50 ይወጣል፤ ዙሩን ብንጨምር ብንቀንስ ምልልሱን ከቶ አይነካውም። ትራንስፎርመር የድምፁን ጕልበት የሚያለዝብ እንጂ ከበሮውን የሚያፈጥን መሣሪያ አይደለም። በየቤቱ የሚገኘው ስታቢላይዘርም የዚያው ዘመድ ነው፤ የወረደውን ቮልት ያነሣል፣ የወጣውን ያወርዳል፣ በምልልሱ ላይ ግን ሥልጣን የለውም።

የአክስቴ ሰዓት ደግሞ ጊዜን የሚያውቀው በምልልሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ለዓለም ያስተዋወቀው የማሳቹሴትሱ መሐንዲስ ሄንሪ ዋረን ነው፤ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ምልልሱን በትክክል ቢጠብቁ በየቤቱ ያለ ሰዓት ሁሉ ከዚያው ሊቀዳ እንደሚችል አስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ጣቢያው ማሽኖቹን የሚቈጣጠርበትን ዋና ሰዓት በቦስተን አቆመ። ከዚያ ወዲህ የግድግዳ ሰዓቱ በራሱ የሚያስብ መሆኑ ቀረና፣ እንደ ደብር አገልጋይ ደወል እየሰማ የሚነሣ ሆነ፤ 60 ምት ሲቈጥር አንድ ሰኮንድ አለፈ ይላል። እዚህ አዲስ አበባ 60ውን ምት ቈጥሮ እስኪጨርስ 1.2 ሰኮንድ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሒሳብ ጕዳይ ነው። ሰዓቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተውስ ደወሉን ከሌላ አገር ደብር እንደሚሰማ አለማወቃችን ነው።

ይህ የአሮጊት ቤት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ ታላላቅ መንግሥታትም እንዲሁ ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ በሰርብያና በኮሶቮ መካከል በተነሣው ክርክር ምክንያት ወደ መረቡ መግባት የሚገባው ኃይል ሳይገባ ስለቀረ፣ አንድ መረብ የሚጋራው የአውሮፓ ምልልስ ከ50 ወደ 49.996 ዝቅ ብሎ ሰነበተ። ኢምንት የሚመስለው ይህ ጕድለት ከጥር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ሲጠራቀም፣ ከስፔን እስከ ቱርክ በምድጃና በራስጌ ላይ ያሉት ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ዘገዩ፤ ብዙ ሰውም ከሥራ መዘግየቱን በዚህ አመካኘ።

ሰዓት ቢዘገይ ጾም ይረዝማል እንጂ ቤት አይቃጠልም፤ ሞተርና ትራንስፎርመር ግን በምልልሱ ጉዳይ ሌላ ነው ጠባያቸው። እነዚህ ሁሉ በብረት እምብርት የሚሠሩ ናቸው፤ ብረትም የማግኔትን ኃይል የሚሸከምበት ልክ አለው፣ ከዚያ ወዲያ ይጠግባል። ምልልሱ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ እያንዳንዱ ግፊት በ20 በመቶ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ፣ ብረቱም በዚያው ልክ አብዝቶ ይሞላል፤ ለ60 ብቻ ተቆጥቦ የተሠራ እምብርት ከሆነ ይጠግባል፣ ጥጋቡም ከልክ ያለፈ ፍሰት ይስባል፣ ሽቦው ይግላል፣ ዕቃውም እንደ ንብ ቀፎ ማጕረምረም ይጀምራል። የአሜሪካ ማይክሮዌቭ በትራንስፎርመር እየሠራም ቢሆን ሲያጕረመርም የሚሰማው ለዚህ ነው። ቀድሞ በነበረው ዓይነት ፍሪጅ ደግሞ ጕዳቱ ድርብ ነው፤ ሞተሩ በተሠራለት ፍጥነት አምስት ስድስተኛ ብቻ እየዞረ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ በዚያው ላይ ራሱ ይግላል።

በዚህ ረገድ ከአሜሪካ ከሚመጣው ይልቅ ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ዕቃ የበለጠ ያታልላል። ኢማራት፣ ኩዌት፣ ቀጠር፣ ባሕሬንና ዖማን እንደኛው 50 ሲሆኑ፣ ሳዑዲ ግን 60 ናት። እህቶቻችን ለዓመታት ደክመው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከፍለው ከሪያድ ወይም ከጅዳ የሚልኩት ፍሪጅ 220 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠራጠር ይሰካዋል፣ ይሠራልም። ከጐኑ በትንሹ የተጻፈውን «60 ኸርዝ» የሚለውን ቃል ያነበበ የለም። መድኃኒቱ፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ ምልልሱ በወረደበት መጠን ግፊቱንም ማውረድ ነው፤ 60 ወደ 50 ሲወርድ 120 ወደ 100፣ 220 ወደ 183 ቢወርድ ብረቱ አይጠግብም፤ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ ግን በሰላም ይኖራል። ስለዚህ ለአሜሪካ ሞተር 110 ከሚሰጠው ትራንስፎርመር ይልቅ 100 የሚሰጠው ይመረጣል፤ ይህን የሚነግር ሻጭ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ከዚህ ፍርድ ነጻ የሚወጡም አሉ። ብሌንደር፣ የእጅ መሰርሰሪያና ምንጣፍ መጥረጊያ ሲዞሩ ከውስጣቸው ብልጭታ የሚታየው፣ ፍሰቱን በከሰል ብሩሽ የሚቀበል ሞተር ስላላቸው ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ለምልልስ ደንታ የለውም፣ ግፊቱን ብቻ አስተካክሉለት። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀርማ ሁለቱንም ይንቃል፤ የገባለትን ተመላላሽ ኤሌክትሪክ አስቀድሞ ቀጥ አድርጎ፣ ከዚያ በሰኮንድ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ያሳልፋል፤ ለዚህ ነው በጀርባው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ የሚጻፍበት። በዚህ አርአያ የተሠሩ፣ ኢንቨርተር ያላቸው አዳዲስ ፍሪጆችም ምልልሱን እምብዛም አይፈሩም። በጃፓን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቶክዮ ማሽኖቿን ከጀርመን፣ ኦሳካ ከአሜሪካ ስለገዙ፣ አንዲቱ አገር እስከ ዛሬ በምሥራቅ 50፣ በምዕራብ 60 እየመታች ትኖራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የምድር መናወጥ የምሥራቁ ጣቢያዎች ሲዘጉም፣ የምዕራቡን ኃይል ማሻገር የሚችሉት የምልልስ መለወጫዎች ጥቂት ስለ ነበሩ የቶክዮን ዙሪያ ጨለማ ተፈራረቀበት። ከዚህ መከራ የተረፈ አንድ ጥቅም ቢኖር፣ ብዙው የጃፓን ዕቃ ለሁለቱም ምልልስ የተሠራ መሆኑ ነው፤ ግፊቱ ግን 100 ቮልት ነው።

እንግዲህ የዕቃውን ጀርባ ገልብጦ ማንበብ እንደ መጽሐፍ ንባብ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቮልቱን አይቶ መዝጋት ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን አለመማር ነው። አዳፕተር የሚባለው ትንሽ ዕቃ ጠፍጣፋውን ስፒና ክብ ማድረግ ብቻ ነው ሥራው፤ ልብስ ይለውጣል፣ ጠባይ አይለውጥም፤ የሚበዙትም የመሬቱን ሽቦ መንገድ ያስቀራሉ። ቀላልና ርካሽ የሆነው፣ ለተጓዦች የሚሸጠው መለወጫም ማዕበሉን እየቆረጠ የሚያሳልፍ ስለሆነ ለካውያና ለፀጉር ማድረቂያ እንጂ ለሬድዮና ለሞተር አይሰጥም። ትራንስፎርመር የሚገዛ ሰው ደግሞ ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ እንደሚስብ አስቦ፣ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ዋት እጅግ የሚበልጠውን ይምረጥ።

አክስቴ ዛሬም ሰዓቱን አልጣሉትም፤ ልጅ ያመጣው ዕቃ አይጣልም። ሬድዮው በደኅና ያወራላቸዋል፣ ቀያዩ አኃዝም ሌሊት ለመብራት ያህል ያገለግላቸዋል። በዋሽንግተን፣ በአትላንታ፣ በሪያድና በጅዳ ያላችሁ ወገኖቼ ግን፣ ለእናቶቻችሁ ሰዓት የምትልኩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን ላኩላቸው።